ፈረስ ስለ መግዛትና የከሳውን ስለ ማዳን

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ማድረስ የሚችለው ግን ጌታው አስቀድሞ መርምሮ ሲገዛውና አውቆ ሲመግበው ነው።

በገበያ ቀን ሁለት ዓይነት ፈረስ ይቀርባል። አንዱ ጠጉሩ የሚያብረቀርቅ፥ በግላስና በኮርቻ ያጌጠ ነው። ሁለተኛው በጋሪ ሥራ የደከመ፥ አጥንቱ የወጣና ጀርባው የተገጠበ ነው። ብዙ ገዢ የፊተኛውን በጌጡ ይወደዋል፤ የኋለኛውን በክሳቱ ይንቀዋል። ሁለቱም ፍርዶች ሊያሳስቱ ይችላሉ።

ስለዚህ ጌጡ ይውረድና ፈረሱ ይመርመር። ዕድሜው በጥርሱ ይታወቃል። መካከለኞቹ የፊት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል፥ ቀጥለው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፥ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ፤ በ5 ዓመት አፉ ይሞላል። ከዚያም በደረቅ መሬት ላይ ይሶምሱም። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ ያ እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል። ሰኮናው እየተነሣ ይታይ፤ ጀርባው በእጅ ይዳሰስ። በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ በተርታ የወጡና መግል የሚያፈሱ እባጮች ቢገኙ፥ የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አለመግዛት ይሻላል።

የከሳው ፈረስ ደግሞ ለምን እንደ ከሳ ይጠየቅ። የአንጀት ትል፥ የጥርስ ሕመም ወይም እርጅና ሊሆን ይችላል። እግሩና ጥርሱ ደኅና ሆነው የጎዳው ረኀብ ብቻ ከሆነ ግን፥ መልካም መቀመጫ ፈረስ ሊወጣው ይችላል።

እዚህ ላይ ርኅራኄ ራሱ ይገድላል። ገዢው አዝኖ በመጀመሪያው ቀን ገብስ በብዛት ቢሰጠው፥ በደም ውስጥ ኢንሱሊን የተባለው ቅመም ይበዛል፤ ፎስፎረስና ማግኒዚየምን የመሳሰሉት ማዕድናትም ከደሙ በድንገት ይጎድላሉ። ልብና ትንፋሽ ይደክማሉ፤ ፈረሱም ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ ውኃ ይቅረብለት፤ ጥሩ ድርቆሽ፥ ቢገኝ የአልፋልፋ፥ በየ4 ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይሰጠው። መጠኑ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር፤ እህል እስከዚያ ይቆይ። የትል መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ምክር ይሰጥ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሄኔኬ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ያወጡት የሰውነት መለኪያ ከ1 እስከ 9 ይደርሳል። 1 አጥንቱ ብቻ የቀረ ነው፤ 5 የጎድን አጥንቱ በእጅ እንጂ በዓይን የማይለይ ነው። ፈረሱ ወደ 5 ሳይጠጋ ኮርቻ ባይጫንበት ይመረጣል፤ ይህም ብዙ ወራት ይፈጃል።

የሰባም ሆነ የከሳ አዲስ ፈረስ ለ3 ሳምንት ያህል ከሌሎቹ ተለይቶ ይታሰር። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚተላለፈው ከምሽት እስከ ንጋት በሚነድፉ ጥቃቅን ዝንቦች ስለ ሆነ፥ ክትባቱ ሳይዘገይ ይሰጠው፤ ሌሊትም በበረት ይደር።

የርካሽ ፈረስ ዋጋ በገበያ የተከፈለው ብር ብቻ አይደለም፤ የወራት ድርቆሽና ትዕግሥትም አለበት። ይህን ያልቆጠረ ገዢ ገንዘቡንም ፈረሱንም ያጣል፤ የቆጠረው ግን ሌላው የናቀውን ፈረስ ለዓመታት ይቀመጥበታል።