ፈርዖን ሕልሙን ሁለተኛ ሲናገር

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 የተጻፈው የፈርዖን ሕልም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይነገራል። መጀመሪያ ሊቀ ነቢያት ሙሴ ንጉሡ ያየውን ይነግረናል፤ ኋላም ንጉሡ ራሱ በዮሴፍ ፊት ቆሞ በቃሉ ይተርከዋል። ብዙ ሰው ሁለተኛው የመጀመሪያው ድጋሚ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔም በተማሪነቴ ዘመን እንዲሁ አልፈው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያነብ ግን አንድ አይደሉም።

እንደ ሙሴ ነገር ንጉሡ በወንዙ ዳር ሳለ መልከ መልካም የሆኑ ሰባት የሰቡ ላሞች ከውኃው ወጥተው ሲሰማሩ አየ፤ ቀጥሎም መልከ ክፉ የሆኑ ሰባት የከሱ ላሞች ወጥተው በፊተኞቹ አጠገብ ቆሙና በሏቸው። ከዚያም ነቃ። ስለ እሸቶቹ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋልና አልደግመውም።

ንጉሡ ለዮሴፍ ሲነግር ግን ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው፣ እንደ እነዚህ ያሉ መልከ ክፉ ላሞች በግብፅ አገር ሁሉ አይቶ እንደማያውቅ መናገሩ ነው። ይህ በሕልሙ የታየ ነገር አይደለም፤ ከነቃ በኋላ ያደረበት ድንጋጤ ነው እንጂ። ሁለተኛው ከዚህ ይለያል፤ የከሱት የሰቡትን ከዋጡ በኋላ መብላታቸው እንኳ ሳይታወቅ እንደ ቀድሞው ከስተው መቅረታቸውን ነገረ። ይህን ሙሴ አስቀድሞ አልጻፈውም። ነገር ግን ዮሴፍ በፍቺው የጥጋቡ ዘመን ከሚከተለው ረኃብ ጽናት የተነሣ ተረስቶ እንደማይታወቅ ሲናገር፣ ቃሉ ከዚሁ ከንጉሡ ጭማሪ ጋራ ይገጥማል። እንግዲህ ከጭማሪው አንዱ የፍርሃት ቃል፣ ሌላው ሲተርክ ትዝ ያለው ነገር ይመስለኛል። ይህን ከዚያ የሚለይ ሰሚ ብርቅ ነው፤ ዮሴፍም ቢሆን ፍቺው የእግዚአብሔር እንጂ የእርሱ አለመሆኑን አስቀድሞ ተናገረ።

ዮሴፍ ሕልም ተነግሮ የሚያመጣውን ያውቃል። የ17 ዓመት ልጅ ሳለ የነዶዎቹንና የከዋክብቱን ሕልም በነገራቸው ጊዜ ወንድሞቹ ጥላቻ ጨመሩበት፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። በግዞት ቤትም የእንጀራ አበዛዎች አለቃ የራሱን ሕልም የተናገረው የጠጅ አሳላፊው ፍቺ መልካም መሆኑን ካየ በኋላ ነው። (40፥16 ናት፤ ትንሽ ቁጥር ናትና ብዙ ጊዜ ትዘለላለች።) ሰው ሕልሙን የሚያወጣው የሰሚውን ፊት እያየ ነው። ደግሞም የዮሴፍ ፍቺ ማንንም አላስጠረጠረም፤ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ከአምስት አንዱ እጅ ተሰብስቦ በጎተራ እንዲቀመጥ አደረገ እንጂ።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ምእመን ሕልም አየሁ ብላ መጣች። የምጽፈውም ነገሩ በኑዛዜ ያልተነገረ ስለ ሆነ፣ እርሷም ስለ ፈቀደችልኝ ነው። በሕልሟ ጥቁር ፍየል ከቤቷ ገብታ የሞሰቡን ክዳን በቀንዷ ገልብጣ እንጀራውን ትበላለች፤ እንጀራው አይጎድልም፣ ሴቲቱን ግን ይርባታል፤ በምድጃው ላይ ያለው ጀበና ማንም ሳይነካው ይፈሳል። ፍየሊቱም የጎረቤቷን ነጠላ፣ ያንኑ ባለ አረንጓዴ ጥለቱን፣ ተከናንባ ነበር። ሕልም እፈታለሁ የሚል አንድ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ፣ ጎረቤትሽ መተት አድርጋብሻለች አላት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቡና አልተጠራሩም፤ በማኅበርም ፊት ለፊት አይቀመጡም።

«ልጄ፣ በነቃሽበት ማለዳ መጀመሪያ ለማን ነገርሽ?» አልኋት። ለሴት ልጇ መሆኑን ነገረችኝ። ልጅቱን አስጠራናት። እርሷም ፍየሊቱን፣ ሞሰቡን፣ የሚፈሰውን ጀበና አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ ነጠላውን ግን አላነሣችም። እናቲቱ ተቆጥታ፣ ረስተሽው ነው አለቻት። ልጅቱም አልረሳሁም፣ ያን ጊዜ አልነገርሽኝም አለች።

ሴቲቱ ብዙ ዝም ብላ ቆየች። በኋላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባ፣ ያን ዕለት ረፋድ ጎረቤቴ ነጠላዋን አጥባ በአጥራችን ላይ አስጥታው ነበር» አለችኝ።

ወደ ጎረቤቷ ቤት የሄደችው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።