ሰው ሠራሽ ቁርጭምጭሚት የገባለት ሕመምተኛ በቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ጉለሌ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ሰፈር ነው። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፥ በሽሮ ሜዳም መርገጫውን በእግራቸው እያፈራረቁ የሚሸምኑት ሸማኔዎች፥ እንጀራቸው በቁርጭምጭሚታቸው ላይ ነው። ቁርጭምጭሚት ተሰብሮ ተንጋዶ ከገጠመ፥ ከዓመታት በኋላ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን ያልቅና ሕመምተኛው በረገጠ ቁጥር ይሠቃያል።

ለዚህ ከሚደረጉት ሕክምናዎች አንዱ መገጣጠሚያውን በብረትና በፕላስቲክ መተካት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ሎርድና ማሮት የተባሉ ሐኪሞች በፈረንሳይ አገር ሞክረውት ነበር። በዚያ ዘመን ከገቡት ብዙዎቹ ላልተው ስለ ወጡ ሐኪሞች ሁለቱን አጥንቶች አጣብቆ ወደ ማዳን ተመለሱ። የዛሬዎቹ እጅግ ተሻሽለዋል፤ ነገር ግን አንድ ተንኮለኛ ጉዳት አልቀረላቸውም፤ እርሱም በብረቱ ዙሪያ አጥንት መበላቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ሲራመድ ፕላስቲኩ ይፈገፈግና በዓይን የማይታይ ብናኝ ይወጣዋል። የሰውነት ጠባቂ ሕዋሶች ይህን ብናኝ ሊያጠፉ ሲታገሉ አጥንት የሚበሉትን ሕዋሶች ይቀሰቅሳሉ። በብረቱ ሥር ጉድጓድ ይፈጠራል። ከታች ያለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ደግሞ ትንሽና የደም ሥሩ ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ አይችልም። ክፋቱ፥ ጉድጓዱ እስኪሰፋ ድረስ ላያምም ይችላል! ስለዚህ «ደህና ነኝ፥ ምን ልሁን ብዬ ነው ሐኪም ቤት የምሄደው» ማለት አይገባም። በቀጠሮ ራጅ መነሣት ያስፈልጋል፤ ራጁ ካጠራጠረ ሲቲ ስካን ጉድጓዱን አጉልቶ ያሳያል። በጊዜው ከተደረሰበት ፕላስቲኩን መለወጥ፥ ጉድጓዱንም ከሌላ ቦታ በተወሰደ አጥንት መሙላት ይቻል ይሆናል። ከዘገየ ግን ብረቱ ይሰምጣል።

ሁለተኛው አጥንት አጥፊ ጀርም ነው። በቁርጭምጭሚት ላይ ያለው ቆዳ ስስ ስለ ሆነ ከቁስል ወደ ብረቱ መንገዱ አጭር ነው። እንግዲህ የቤተ ሰቡ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ማታ የአባትን ወይም የእናትን እግር ማጠብ በቤታችን የቆየ ልማድ ነው፤ ያን ጊዜ ተረከዙ ነቅቶ፥ በጣቶቹ መካከል ተልጦ እንደ ሆነ በብርሃን ተመልከቱ። አድርቁት። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ገና ካልጠገገ ግን ውሃ አይንካው፤ የሚነካውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ቡና መነስነስ፥ ቅጠል መለጠፍ፥ በቅቤ ማሸት አይሆንም። ወጌሻ ለመጥራት የሚቸኩል ጎረቤት አይጠፋም፤ ወጌሻ ግን ብረት ያለበትን እግር መጠምዘዝ የለበትም።

እግሩ ካበጠ፥ ከሞቀ፥ ከቀላ፥ መግል ከወጣው ወይም አዲስ ሕመም ከጀመረ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ በጉለሌ ቅዱስ ጳውሎስ ቅርብ ነው። ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ አስቀድሞ መዋጥ ጀርሙን ይሸሽገዋል፤ ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ ሲያስመረምር ላያገኘው ይችላል። የቀዶ ሕክምናውን ወረቀትና የቀድሞውን ራጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ሲያስተያይ ነው አጥንቱ ምን ያህል እንደ ጎደለ የሚያውቀው።