የአብዱ ዱቤ የት ገባ?

እስቲ ጠጋ በልልኝ፣ ስክሪኑን ልየው። አብሽር፣ ኮድህን አልነካም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተማሩህ ትራይ እዚህ ደጋን መጥቶ የአባባን የዱቤ ደብተር ሊተካ ነው? ጥሩ። ቁልፉ የደንበኛው ስም፣ ቫልዩው ያለበት ዕዳ።

ግን ስሙን እያንዳንዱ ኖድ ውስጥ ለምን ደግመህ ጻፍከው? ትራይ ላይ ቁልፉ ለብቻው አይቀመጥም፤ ከሥሩ ተነስተህ ፊደል በፊደል የወረድክበት መንገድ ራሱ ቁልፉ ነው። አብዱልቃድር፣ አብዱረህማን፣ አብዱሰላም፦ «አብዱ» ለሦስቱም አንዴ ብቻ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚለያዩት።

አሁን «አብዱ» ብለህ ፈልግ። አየህ፣ የለም። አባባ ግን አብዱ ብቻ ብሎ የመዘገበው ደንበኛ አለው። ቫልዩ የምታስቀምጠው መጨረሻው ቅጠል ላይ ብቻ ስለሆነ ዕዳውን ውጠህበታል። ከኮምቦልቻ ባቲ የሚሄድ መኪና ደጋን ላይ ሰው ያወርድ የለም? መንገዱ ግን እዚህ አያልቅም። መሀል ያለ ኖድም ቫልዩ መያዝ አለበት።

ቫልዩ መኖሩን የምትጠይቅባት ይቺ «ኢፍ» ደግሞ አደገኛ ናት። ፓይተን 0ን እንደ ባዶ ይቆጥራል። ዱቤውን ከፍሎ የጨረሰ ሰው ዕዳው 0 ነው፤ ፕሮግራምህ ግን «እንዲህ የሚባል ደንበኛ የለም» ይላል። ሰው ከፍሎ ስሙ ይጠፋል እንዴ? ቫልዩው «ኖን» መሆን አለመሆኑን ለይተህ ጠይቅ። ስትሰርዝም ተጠንቀቅ፤ አብዱን ስትሰርዝ ቫልዩውን ብቻ አንሣ፣ ኖዱን ከቆረጥከው አብዱልቃድርም አብሮ ይሄዳል። ኖድ የሚወገደው ቫልዩም ልጅም ከሌለው ነው።

26 ቦታ ያለው አሬይ ከመጽሐፉ ገልብጠህ ይሆናል። ለእንግሊዝኛ ይሠራል። የዩኒኮድ ዋናው የግዕዝ ክፍል 384 ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱ 8 ባይት ብትይዝ አንድ ኖድ ብቻ 3,072 ባይት ይበላል፣ አብዛኛውም ባዶ። ልጆቹን በዲክሽነሪ ያዛቸው፣ ያለው ፊደል ብቻ ይቀመጥ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ፍለጋው ላይ «አብዱ»ን ቀስ ብለህ ጻፍና የሚመጣውን የስም ዝርዝር እይ። አ፣ ብ… ስሞቹ አሉ። «ዱ»ን ለመጻፍ ግን ኪቦርዱ መጀመሪያ «ድ»ን ያመጣል፤ ያኔ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል፣ «ዱ» ስትሆን ተመልሶ ይመጣል። አባባ ይሄን ሲያይ ስልኩ ተበላሸ ነው የሚለው። ዩኒኮድ ፊደሎቻችንን ስምንት ስምንት አድርጎ ነው የደረደራቸው፦ ሀ 4608፣ ለ 4616። ቁጥሩን ለ8 አካፍለው፤ ድርሻው ደ-ዱ-ዲ የሚሄዱበትን ረድፍ ይሰጥሃል፣ ቀሪው 5 ከሆነ ሳድስ ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ሳድስ ከሆነች ከዚያ ረድፍ ያሉትን ልጆች በሙሉ አሳይ። ይሄን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አይነግርህም፣ እነሱን ችግሩ አይገጥማቸውማ።

መሐመድን በሐመሩ ሐም በሃሌታው ሀም የሚጽፍ አለ። ሳታስገባም ሳትፈልግም በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው መልስ፤ አባባ የጻፈውን አጻጻፍ ግን ቫልዩው ውስጥ እንዳለ አቆይለት፣ ሰው ስሙ ሲቀየርበት አይወድም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሙሉ ስም ተጽፎ ዕዳ ብቻ ቢፈለግ ተራ ዲክሽነሪ ይበቃህ ነበር፣ ሜሞሪም ይቆጥብልሃል። ትራይ ያስፈለገህ ሁለት ፊደል ሲነካ ስሞቹ እንዲመጡ ስለፈለግህ ነው። ነጠላውን ጭራ፣ «ልቃድር»ን የመሰለውን፣ ወደ አንድ ኖድ የሚያጥፍ፣ ዶናልድ ሞሪሰን በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ አለ፤ ለአንድ ሱቅ ግን አትልፋ።

ሰይድ አሊ የሚባሉትን የአባባን ሁለት ደንበኞች ግን ትራዩ አይለይልህም፤ ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያውን ዕዳ ይደመስሰዋል። ቫልዩውን ዝርዝር አድርገውና ለእያንዳንዱ መለያ ጨምር። ምን እንደምትጨምር ከእኔ አትጠይቅ፤ አባባ ደብተሩ ላይ በምን እንደሚለያቸው ሂድና እየው።