በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱትን እንዴት እናስባቸው?



ሌላውን ለማዳን ወደ እሳት ገብቶ የሞተ ሰው ሰማዕት ይባላልን? ይህ ጥያቄ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ሲነሣ ሰምተናል። መልሱን ከአንድ ካህን ሞት ጋር አያይዘን ልናይ ወደናል።

አባ ማይክል ጀጅ ፍራንቸስካዊ ካህን ሲሆኑ፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኒውዮርክ ከተማ የእሳት አደጋ ተከላካዮች የነፍስ አባት ነበሩ። እኛ የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ዕለት (ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ.) የዓለም ንግድ ማእከል መንትያ ሕንፃዎች በተመቱ ጊዜ፣ ከልጆቻቸው ጋር ሊሆኑ ወደ ስፍራው ሄዱ። በሰሜኑ ሕንፃ የመግቢያ አዳራሽ ሳሉ የደቡቡ ሕንፃ ተደረመሰ፤ ፍርስራሹም መትቶ ገደላቸው። ዕድሜአቸው 68 ዓመት ነበር። አስከሬናቸው በወንበር ተይዞ ወጣ፤ በኋላም በአቅራቢያው ባለው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በመንበሩ ፊት አረፈ። በዚያን ዕለት ሙታን መዝገብ የመጀመሪያው ቁጥር የእርሳቸው ነው። ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ እርሳቸውን ጨምሮ 343 ሰዎች ሞተዋል።

ወዲያው የተሰራጨው ወሬ ግን ለሚሞት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ምሥጢረ ቀንዲል ሲሰጡ ሞቱ የሚል ነበር። ዛሬም እንዲሁ የሚተርኩ አሉ። በአዳራሹ የተቀረጸው ፊልም የሚያሳየን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ነው። እኛ ይህ ይበቃል እንላለን፤ ካህን በልጆቹ መካከል ሆኖ መጸለዩ ጌጥ አያሻውም። መምህራን ሆይ፣ ለሕፃናት ስትተርኩ ሙታንን ሐሰት አታልብሷቸው።

ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት የምትለው ስለ እምነቱ ተጠልቶ የተገደለውን ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሐዋርያዊ ደብዳቤ ወደ ብፅዕና የሚያደርስ ሌላ መንገድ ከፈቱ፤ እርሱም ስለ ፍቅር ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። በዚህ መንገድ ሰውዬው እርግጠኛና ቅርብ የሆነውን ሞት በፈቃዱ መቀበሉና አስቀድሞም በክርስቲያናዊ ምግባር መኖሩ ይመረመራል። ለሰማዕት የማይጠየቀው ተአምርም ለእርሱ ይጠየቃል።

«እርግጠኛ» የሚለው ቃል ያስቸግራል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወደሚነደው ቤት የሚገባው እወጣለሁ ብሎ ነው፤ ማታ ልጆቹን ማየት ይፈልጋል። ይህ ፍቅሩን አያሳንሰውም፤ ሞትን የሚሻ ሰው ሕይወቱን ሰጠ አይባልምና። እኛን ይልቁን የሚያሳስበን፣ ሰውየውን በችኮላ ቅዱስ ብለን ስንሰይም ጸሎታችንን መንፈጋችን ነው። ምን ጎድሎበት እንጸልይለት እንላለን፤ ፍትሐቱም ተዝካሩም ይቀራል። አባ ማይክል ሲቀበሩ ግን ካርዲናል ኤድዋርድ ኢጋን በመሩት ቅዳሴ፣ እንደ ማንኛውም ክርስቲያን፣ ለነፍሳቸው ምሕረት ተለመነ።

በቁምስናችሁ በሥራው ላይ ሳለ የሞተ ሰው ካለ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ይሁን ሾፌር ወይም ነርስ፣ የክርስትና ስሙን ጽፋችሁ ከቅዳሴ በፊት ለካህኑ ስጡ።