ሞቼና ቦራጎ፦ የዳሞታ ተራራ ጥንታዊ መዝገብ

የወላይታ ታሪክ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ንጉሥ ጦናንና እ.ኤ.አ. በ1894 ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር የተደረገውን ጦርነት ነው። ይሁን እንጂ ከሶዶ ከተማ በላይ፣ በዳሞታ ተራራ ደቡብ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ፣ ከዚህ እጅግ የራቀ ዘመን ምስክር ይገኛል፤ ይኸውም ሞቼና ቦራጎ የተባለው ዋሻ ነው።

በስፍራው በተካሄዱት ቁፋሮዎች የባልጩት መሣሪያዎች፣ ከሰልና የእሳተ ገሞራ አመድ በንብርብር ተደራርበው ተገኝተዋል። ለመሆኑ ዕድሜያቸው እንዴት ይታወቃል? ባልጩቱ ራሱ በካርቦን አይለካም። ከአጠገቡ ያለው ከሰል ግን በአንድ ወቅት ሕይወት ካለው ተክል የተገኘ ነው፤ በውስጡ ያለው ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ50,000 ዓመት በኋላ የሚቀረው ከ400 እጅ አንዱ ገደማ ብቻ በመሆኑ ዘዴው ከዚያ በላይ እምብዛም አይዘልቅም። ከዋሻው ጥንታዊ ንብርብሮች አንዳንዶቹ እስከዚሁ ወሰን ይደርሳሉ።

እንግዲህ አንድ ጎብኚ ለመታሰቢያ ብሎ አንዲት የባልጩት ስባሪ ቢያነሣ የሚወስደው ድንጋዩን ብቻ አይደለም። ስባሪዋ ከንብርብሯና ከከሰሏ ስትለይ ዕድሜዋም አብሮ ይጠፋል። ስለሆነም ዳሞታን የምትጎበኙ ተማሪዎች ሁሉ፣ በዐይናችሁ አይታችሁ፣ በማስታወሻችሁ ጽፋችሁ፣ ድንጋዩን ግን በቦታው ትታችሁ ተመለሱ።