ምዕራፍ 7፦ «አንተ እንዳልክ» እየተባባሉ ባንኮክ መግባት

ሁለት ጓደኛሞች ለዕረፍት ባንኮክ ሊሄዱ ሲነሱ ዘመድ ወዳጁ የሚያስጠነቅቃቸው ስለ ሌባ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ምግቡ ማቃጠል ነው። የመጀመሪያውን ቀን ይበልጥ የሚያበላሸው ግን በመካከላቸው ያለው ይሉኝታ ይመስለኛል። ሳይጣሉ፣ እንዲያውም ተከባብረው፣ ሁለቱም ያልፈለጉት ቦታ ራሳቸውን ያገኙታል። አሜሪካዊው የሥራ አመራር ምሁር ጄሪ ሃርቬይ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ነገር ከራሱ ቤተሰብ አንስቶ ተርኮታል። ቴክሳስ ውስጥ አራት ሰዎች ቤታቸው ተመችቷቸው ሳለ፣ በሚያቃጥል ሙቀት 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው አቢሊን ከተማ እራት በልተው ተመለሱ። ቤት ከገቡ በኋላ ሲነጋገሩ አንዳቸውም መሄድ አልፈለጉም ነበር። ሐሳቡን ያመጡት አማቱ እንኳ ሌሎቹ የሰለቻቸው መስሏቸው ነው የተናገሩት።

እኛ አገር ይሉኝታ የራሱ መድኃኒት አለው። እንግዳ «በቃኝ» ቢል ማንም አያምነውም፤ «በሞቴ» ይባላል፣ ይደገማል፣ እውነተኛው መልስ የሚወጣው ምናልባት በሦስተኛው ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ የሰውን ፊት የሚያነብ፣ ደጋግሞ ለመጠየቅ ትዕግሥት ያለው ሰው ያስፈልጋል። አዳሩን አውሮፕላን ላይ ያሳለፈ ሰው ይህ አቅም የለውም። ከአዲስ አበባ ባንኮክ የሰዓት ልዩነቱ አራት ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሰው የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ከ24 ሰዓት በጥቂቱ ስለሚረዝም፣ ወደ ምሥራቅ በርሮ ቀኑ ሲያጥርበት ይቸገራል። ባንኮክ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ለሰውነቱ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለች ከተማ ወርዶ ወበቅ ውስጥ መግባቱም አለ፤ ሰውነት ሙቀትን በሚገባ ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አሚ ጎርደንና ሴሬና ቼን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥንዶች እንቅልፍ ካጡ በኋላ የበለጠ እንደሚጋጩና አንዱ የሌላውን ስሜት የመረዳት ችሎታውም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጥናቱ የፍቅረኞች ነው፣ የጓደኛሞች አይደለም፤ ይሁንና ፍቅረኛውን ማንበብ ያቃተው ሰው ጓደኛውን ያነባል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ላይ ይኼው ይታያል። ወደ ከተማ የሚወስደው ባቡር ፓያ ታይ ጣቢያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም፣ ከታክሲም በብዙ ይረክሳል። እግሩ ያበጠው ጓደኛ ታክሲ ይፈልጋል፤ ሌላው ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ስለመሰለው ግን «ባቡሩ ይሻላል» ይላል። ያኛውም ታክሲ አምሮት «እሺ» ይላል። በማግስቱ ታላቁ ቤተ መንግሥት አካባቢ ደግሞ አንድ ትሁት ሰው ቀርቦ «ዛሬ ዝግ ነው፤ በቱክ ቱክ ሌላ ቤተ መቅደስ ላሳያችሁ» ይላቸዋል። ቤተ መንግሥቱ ከልዩ ሥነ ሥርዓት ቀናት በቀር በየቀኑ ክፍት ነው፤ የጉዞው መጨረሻም ብዙ ጊዜ የጌጣጌጥ ድንጋይ ሱቅ ነው። ብቻውን ቢሆን የሚጠራጠር ሰው፣ ጓደኛው ያመነ ሲመስለው ዝም ይላል። ጓደኛውም እንደዚያው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን ገና እንቅልፍ ሳታጡ፣ አዲስ አበባ ሳላችሁ ወስኑት። እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ያንን ቀን ምን ማድረግ እንደምትፈልጉና ምን ያህል ማውጣት እንደምትችሉ ጻፉ፤ ከዚያ ተለዋወጡ። መጻፉ ከመነጋገሩ መቅደም አለበት፤ መጀመሪያ የተናገረው ሌላውን ይስበዋልና። እኩል ባት (የታይላንድ ገንዘብ) አዋጥታችሁ አንዳችሁ ይያዘው፤ በየምግብ ቤቱ «እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብ ይቀራል። የመጀመሪያውን ከሰዓት ደግሞ እስከ እራት ተለያይታችሁ ዋሉ።

«ተለያይቶ ለመዋልማ ማን አብሮ ይሄዳል?» የሚል አይጠፋም። የሚለያዩት ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ አንዱ ተኝቶ፣ ሌላው ወንዝ ዳር ሄዶ፣ እራት ላይ የሚያወሩት ነገር ይዘው ይገናኛሉ። የደኅንነቱ ጥያቄ ከዚህ ይበልጣል፣ በተለይ ለሴቶች፤ ከመሸ የደረሰ ሰው ይህን ምክር ይተወው፣ በቀን የደረሰም ስልኩ እየሠራ ከሆቴሉ ሰፈር አይራቅ። ሌላው ተቃውሞ በጓደኛሞች መካከል ውል አያስፈልግም የሚለው ነው። ግን ውል ያለው ማነው? አስቀድሞ መጻፉ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት ጾመኛውን ብቻ ማሰብ ይበቃል። በታይላንድ ማዕድ ቤት የዓሣ መረቅ የማይገባበት ወጥ ጥቂት ነው፤ አትክልቱም ውስጥ አለ። ሆኖም «ጄ» የሚባል፣ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ሁሉ የሌለበት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት ምግብ የሚሸጡ ቤቶች አሉ፤ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ጓደኛው ጾሙን አስቀድሞ ካወቀ ባንዲራውን አብሮት ይፈልጋል። ካላወቀ ግን ጾመኛው ነጭ ሩዝ ቀምሶ «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ የደከመው ጓደኛውም አንዴ ጠይቆ ያምነዋል።