የአልካንን ቅርጽ በክሎሪን ስለ መመርመር

ተማሪ ሆይ፤ እኩል ድንጋይና እኩል እንጨት ለሦስት ሰዎች ቢሰጣቸው፤ ሦስት ልዩ ልዩ ቤት ሊሠሩበት ይችላሉ። እንደዚሁም 5 የካርቦን አቶምና 12 የሃይድሮጅን አቶም ተያይዘው ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ይሆናሉ፤ ስማቸውም ፔንታን፥ ኢሶፔንታን፥ ኒዮፔንታን ይባላል። በእነዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ካርቦን አራት እጆቹን ለአራት ጎረቤት ይሰጣል፤ እንዲህ ያለውም ነገር አልካን ይባላል። የሦስቱ የአቶም ቍጥር አንድ ነው፤ ቅርጻቸው ግን ልዩ ነው። ዓይን የማያየውን ቅርጽ በምን እናውቀዋለን?

የምርመራው መንገድ።
ክሎሪን የተባለው ጋዝ በብርሃን ኃይል ከአልካን ጋራ ሲገናኝ፤ አንዱን ሃይድሮጅን አስለቅቆ በስፍራው ይገባል። አልካኑ በዝቶ ክሎሪኑ ጥቂት ሲሆን፤ አብዛኛው ውጤት አንድ ክሎሪን ብቻ የያዘ ነው። ስፍራቸው እኩያ የሆኑ ሃይድሮጅኖች አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ፤ ስፍራቸው ልዩ የሆኑት ልዩ ውጤት ይሰጣሉ። ስለዚህ የውጤቱ ዓይነት ቍጥር የቅርጹ ምስክር ነው። እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ የሚመሳሰሉ ውጤቶች ግን እንደ አንድ ይቈጠራሉ።

1ኛ፤ ፔንታን። አምስቱ ካርቦኖች በአንድ ሰልፍ ናቸው። 1ኛው ከ5ኛው፥ 2ኛው ከ4ኛው ጋራ እኩያ ነው፤ 3ኛው ብቻውን መካከል ይቀራል። ውጤቱ 3 ዓይነት ነው።

2ኛ፤ ኢሶፔንታን። አራቱ በሰልፍ ሆነው 5ኛው በ2ኛው ላይ እንደ ቅርንጫፍ ተተክሏል። ቅርንጫፉ ከ1ኛው ጋራ እኩያ ነው፤ 2ኛው፥ 3ኛውና 4ኛው ግን አቻ የላቸውም። ውጤቱ 4 ዓይነት ነው።

3ኛ፤ ኒዮፔንታን። አንዱ መካከል ሆኖ አራቱ በዙሪያው ተያይዘዋል። መካከለኛው ሃይድሮጅን የለውም፤ የቀሩት 12ቱ ሃይድሮጅኖች ሁሉ እኩያ ናቸው። ውጤቱ 1 ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ።
ቍጥር ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን ያላቸው ቡታንና ኢሶቡታን ሁለቱም 2 ውጤት ይሰጣሉ። ያን ጊዜ ውጤቶቹ የሚፈሉበትን ሙቀት መለካት ይገባል፤ የቡታን ውጤቶች በ78 እና በ68 ዲግሪ ገደማ፥ የኢሶቡታን ግን በ69 እና በ51 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉና። ክሎሪን መርዝ ስለ ሆነ፤ ይህ ሥራ በቤተ ሙከራ እንጂ በመማሪያ ክፍል አይደረግም።

ጥያቄ።
6 ካርቦንና 14 ሃይድሮጅን ያለው አልካን 2 ዓይነት ውጤት ብቻ ቢሰጥ፤ ቅርጹ እንዴት ያለ ነው? በጭቃ ድቡልቡልና በእንጨት ስንጥር ሠርተህ ለመምህርህ አሳይ።